ምሳ አቀዝቃዧ ዙልፋ

በአገራችን ስብሰባ የሚያልቀው አጀንዳው ሲያልቅ አይደለም። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ…» ሲል፣ የወጥ ሽታ በበር ስንጥቅ ሲገባ፣ ግማሹ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ከመጨረሻው መደዳ አንዲት እጅ ትነሣለች። ያቺ እጅ የሌለችበት ወረዳ የለም። ያለ እሷ የተዘጋ ስብሰባ ካለ፣ ወይ ስብሰባ አልነበረም፣ ወይ ምሳ አልነበረውም።

የእኛይቱ እጅ ባለቤት ክብርት ወይዘሪት ዙልፋ ትባላለች። «ክብርት» ያልኳት እኔ ነኝ፤ መንግሥት ገና አልሰማም። ከሀብሩ ወረዳ፣ ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ናት። በቀበሌዋ የወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ አንዳንዴም ብቸኛ ተሰብሳቢ ናት። ስትነሣ የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ።»

ይህ ሐሰት ነው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ወልድያ ውስጥ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ሰነድ አያያዝ ነው፤ ሥራዬም ሰው የተናገረውን እንደ ተናገረው መጻፍ ነው። የዙልፋ ጥያቄ አንዲት ሆና አታውቅም። ጥያቄዋ እርጉዝ ናት፤ የምትወልዳትም እርጉዝ ናት።

መጀመሪያ ያየኋት ወልድያ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ባነሩ ላይ የገጠር ወጣቶች በአየር ንብረት ለውጥ ሥራ ስለሚኖራቸው ተሳትፎ ተጽፏል። ለሁሉም ነጭ ቲሸርት ታድሏል፤ ልኩ አንድ ስለነበር ቀጫጭኖቹ የግራና ልጆች ድንኳን የለበሱ መስለዋል። ቡድን መሪያችን አቶ ደሞዜ፣ «ከዚህ አንጻር» ሳይሉ ውኃ እንኳ የማይጠጡ ሰው ናቸው፤ ከዚህ አንጻር ወጣቱ በየደረጃው እንደሚሳተፍ ገለጹ። እጅ ተነሣች።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ። በየደረጃው ሲባል ከየት እስከ የት ነው?»

«ከታች ጀምሮ ነው፣ እህቴ።»

«የታችኛውንማ እናውቀዋለን፣ ጌታዬ። ጉድጓድ መቆፈር ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው ምንድን ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ደሞዜም አብረው ሳቁ። መልሱ እስካሁን አልደረሰኝም፤ የዚያን ቀን ምሳ ግን ቀዝቅዞ ደርሶኛል።

መርሳ ላይ የችግኝ ተከላ በነበረ ጊዜ ደግሞ፣ እንግዶቹ አንድ አንድ ችግኝ ይዘው ፎቶ ሲነሡ ከኋላ ከኋላ ትከተላቸው ነበር። «አንዲት ጥያቄ ብቻ፤ የዚች ወላጅ ማን ነው?» አንድ ክራባት ያሰረ እንግዳ እጁን እያራገፈ «እኔ የመጣሁት ለመክፈቻው ነው» አላት። «እንግዲያ እሷም የመጣችው ለመክፈቻው ነዋ» አለችና ችግኟን ከጉድጓዱ አውጥታ፣ ውኃ አጠጪ ካለው መስመር ወስዳ ተከለቻት። ሰውዬው ፎቶው ላይ ባዶ ጉድጓድ እያሳየ ይስቃል።

ከመርሳ ወልድያ የሚመላለሱ የሚኒባስ ረዳቶች ሲያዩዋት ሃይላንዳቸውን ከመቀመጫ ሥር ይደብቃሉ፤ አንዴ በመስኮት የተወረወረ ጠርሙስ ለማንሣት መኪናውን አስቁማ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አብሮ ለቅሟል። ሠርግ ላይ ሙሽራውን ከሚዜዎቹ ፊት «እርከንህ ተጠግኗል ወይ?» ብላዋለችም ይባላል። ይህን በዓይኔ ስላላየሁ «ይባላል» ተብሎ ይያዝልኝ።

አምና ባለቤቴ ስዩም ዐረፈ። ለቅሶ ቤት የሚባለው የታወቀ ነው፤ እግዜር ያጥናሽ፣ ምን ይደረግ፣ የሁላችንም መንገድ ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን ስዩምን አያውቀውም። ቃሉ ለማንም ሟች ልክ ነው፣ እንደዚያ ቲሸርት። ዙልፋ ከእናቷ ጋር በአይሱዙ ተጭና መጣች፤ ጥጓን ይዛ ተቀመጠች፤ ከዚያ እጇ በከፊል ተነሣች።

«አብሽሩ፣ እትዬ ደብሪቱ። አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ። ጋሽ ስዩም በምን ነበር የሚስቁት?»

ሴቶቹ በነጠላቸው ሥር ተያዩ። እኔ ግን መለስኩ። ስዩም የሚስቀው በሬዲዮው የአየር ትንበያ ነበር። «ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ከተባለ ሸሚዙን አጥቦ ያሰጣና ደጃፍ ተቀምጦ ሰማዩን ይጠብቃል።

«ሸሚዛቸውስ?» አለች።

«ደርቆ ይገባ ነበር» አልኩና፣ ጥቁር እንደ ለበስኩ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ አለቀስኩ፤ ያኛው ለቅሶ የራሱ የስዩም ነበር።

አሁን ወደ ኮረብታው።

ከዙልፋ መንደር በላይ ግራር አምባ የሚባል ኮረብታ አለ። ግራር የለበትም፤ አምባም ሊባል አይገባውም፤ ስሙ ግን እንዲያ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሩን ይዞ ወደ ማሳው ይወርዳል። መሥሪያ ቤታችን ኮረብታውን «ከሰውና ከከብት ንክኪ ነጻ» ብሎ ለወጣቶቹ ማኅበር ሰጠ። ልጆቹ ቆፈሩ፣ ተከሉ፤ ከብት በላው። በሚቀጥለው ክረምት በዚያው ጉድጓድ ተከሉ፤ አሁንም ከብት በላው። ለሦስተኛ ጊዜ ተከሉ፤ በዘንድሮው በጋ ደግሞ፣ አገሩ ሁሉ ግራና ገበያ በወረደበት ቀን፣ ጠባቂ ሳይኖር መንጋው ገብቶ የተተከለውን ጠራርጎ በላ። የማን ከብት ነው ቢባል የሁሉም ነው፤ ስለዚህ የማንም አይደለም።

አቶ ደሞዜ ቢሮዬ መጡ። «ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ከሾፌሩ ጋር ደርሳችሁ ኑ። መጠነኛ ጉዳት ነው ብለን እንያዘው። በክረምት መልሰን እንተክላለን፤ አዲስ ኮፍያም መጥቷል።»

ኮፍያው መጥቷል፤ ልጆቹ ግን መሄድ ጀምረዋል። ዓሪፍ የሚባል፣ ከሁሉም በላይ የቆፈረ ጎረምሳ፣ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ለደላላ እሺ ማለቱን ሾፌሩ መንገድ ላይ ነገረኝ። ዓሪፍ ከሄደ ሌሎቹም ይከተሉታል፤ የዙልፋ ማኅበርም በእውነት ብቸኛ ተሰብሳቢ ሊኖረው ነው።

መንደሩ ስንደርስ ሰው ይሮጣል። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘዋል፤ ከፊት ያሉት ቃሬዛ ተሸክመዋል። ቅሬ ተጠርቷል። ወሎ ውስጥ ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በሞት የሚያገናኝ ማኅበር ነው፤ ሕጉም ቀላል ነው። ጥሪ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ መንገድ ላይ «ማን ሞተ?» ብሎ ማጣራት ነውር ነው፤ ያለ ምክንያት የቀረ ሰው የራሱ ሰው ሲሞት ብቻውን ይቆፍራል። እኔ ከስዩም ወዲህ ቃሬዛ የሚያልፍበትን መንገድ እሸሻለሁ። ቢሆንም ተከተልኩ። ሰው ሁሉ የሚወጣው ወደ ግራር አምባ ነበር።

ከኮረብታው አናት ዙልፋና ጓደኞቿ ምንጣፍ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። የቅሬው ዳኛ ሼኽ ዑስማን በትራቸውን ተክለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሬሳው የታል?»

«ይሄው» አለች ዙልፋ።

ምንጣፉ ላይ ቅጠላቸው የተነጨ፣ ግንዳቸው የታኘከ ችግኞች በመስመር ተኝተዋል። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ግራር።

«ወላሂ ይቺ ልጅ ለይቶላታል» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኔ በሬዎቼን ከነቀንበራቸው ጥዬ ነው የመጣሁት» አለ ሌላው።

«በሞት ይቀለዳል ወይ፣ ልጄ?» አሉ ሼኽ ዑስማን ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከሁሉም በላይ የተቆጣሁት እኔ ነበርኩ። «ዙልፋ፣ ይህን ከማንም ብጠብቅ ካንቺ አልጠብቅም ነበር» አልኳት። ዓይኔን ማየት አልቻለችም። እጇ ግን ተነሣች።

«አባ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ።»

«አንዲት ሆና ታውቃለች?» አሉ ሼኹ።

«ዓሪፍ ሊሄድ ነው። ከሱ በፊት የሄዱትን ታውቋቸዋላችሁ። ባሕር የበላው ልጅ ሬሳው አይመጣም። ቅሬው ታዲያ ማንን ነው የሚቀብረው? እኛ ሁላችን ከሄድንስ፣ እናንተን ማን ይቀብራችኋል?»

ከተሰበሰቡት መካከል ልጃቸው ሄዶ ድምፁ የጠፋባቸው እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት ሼኹ ከጓደኞቿ ጋር የተቀመጠውን ዓሪፍን።

«እኔ ምን እላለሁ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «አንዱን ጉድጓድ በየዓመቱ ስቆፍር ከጉድጓዱ ጋር ተዋወቅን። ከብቱ ሲበላ ማንም አላየም። እኔም ማንም ሳያይ ልሄድ ነበር፤ ይቺ ጠራችባችሁ እንጂ።»

ይህን ሲል ከቁልቁለቱ በኩል አንድ ወይፈን ብቅ አለ። የተረፈች ቅጠል አግኝቶ በእርጋታ ያመነዥካል። ሁሉም ሰው ወይፈኑን አወቀው፤ ሁሉም ሰው የራሱን ጫማ ያይ ጀመር።

«የማን ነው?» አለች ዙልፋ። መልሱን ታውቀዋለች።

«የኔ ነው» አሉ ሼኽ ዑስማን።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ለመሸፈን ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሼኹ ሰውየውን አይተው፣ ወይፈኑን አይተው፣ ፈረዱ።

«ቅሬ በሐሰት ጠርተሻል። ቅጣት አለብሽ። በገበያ ቀን እኛ ግራና ስንወርድ ይህን ኮረብታ የምትጠብቂ አንቺ ነሽ። እሺ?»

«እሺ፣ አባ።»

«ግን ቅሬ አንዴ ከተጠራ ሳይቀብር አይመለስም። ዶማውን ይዘን መጥተናል። ከዛሬ ወዲያ እዚህ ከብት የለቀቀ ከቀብር እንደ ቀረ ይቆጠራል። ከኔ ይጀመራል።»

መሥሪያ ቤታችን ለዚያ ኮረብታ ማኅተም ያለው መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶለት ነበር፤ ፋይሉን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ደንቡን የሚፈራ ላም አላየሁም። ይህኛው ቃል ግን እያንዳንዱ ሰው በልቡ የራሱን ቀብር እንዲያስብ አደረገው። ቃሬዛው ድንጋይ ማጓጓዣ ሆነ። ለመቃብር የመጣው ዶማ እርከን ሲቆፍር ዋለ፤ ሴቶቹ እሾህ ቆርጠው በከብት መግቢያው በኩል አጠሩ።

ዙልፋ ወዳለሁበት መጣች። «እትዬ፣ አስቀየምኩዎት?»

«አዎ።»

«ይቅር በሉኝ። የቅሬ ጥሪ ሲሆን ብቻ ነው ሰው የሚመጣው።» ከዚያ ዓይኔን አየችና፣ «ጋሽ ስዩም ቢኖሩ ይስቁ ነበር?»

ልዋሽ አልችልም፤ ሥራዬ አይደለም። «ይስቅ ነበር» አልኳት። «ከዚያ ጃኬቱን ያወልቅ ነበር።» ጫማዬን አውልቄ ድንጋይ ማቀበል ያዝኩ።

ዓሪፍ እስካሁን አልሄደም። «እስከ ክረምት ልየው» ብሏል፤ ከተናገረው በላይ አልጽፍበትም። ደላላው ሲደውል ኮረብታው ላይ ኔትወርክ የለም ይለዋል። እኔ ከዚያው ሆኜ ስልክ ደውያለሁ፤ ኔትወርክ አለ።

ባለፈው ደግሞ ወልድያ፣ በዚያው ሆቴል፣ የበጋው ሥራ ግምገማ ተጠራ። ቀኑ የግራና ገበያ ቀን ላይ ዋለ። አቶ ደሞዜ አጋጣሚ ነው አሉኝ። ሪፖርቱ ተነበበ፤ «በግራር አምባ መጠነኛ ጉዳት ደርሷል» ይላል። ከኮረብታው ስመለስ የሰጠኋቸው ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም። የወጡ ሽታ ገባ። ወንበሮች ወደ ኋላ ተገፉ።

«እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ…» አሉ አቶ ደሞዜ፤ በልማድም ወደ መጨረሻው መደዳ አዩ። ሁላችንም ዞረን አየን። ወንበሩ ባዶ ነው። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ግራር አምባ ላይ በትር ይዛ ቅጣቷን እየፈጸመች ነበር። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ እንዲህ በሰላም ያለቀ ስብሰባ አይቶ አያውቅም። እኔም ይህን ያህል የሚያስጠላ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እጅ ታነሣለች የሚል ሥርዓት የለም። አነሣሁ።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ» አልኩ። «ኮረብታው ላይ የተተከለው ሁሉ ተበልቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ መጠነኛ ከሆነ፣ ከባድ የምንለው ምን ሲበላ ነው?»

አቶ ደሞዜ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ወይዘሮ ደብሪቱ፣ እንግዲህ ከዚህ አንጻር…»

«ከየትኛው አንጻር?» አልኩ።

ሁለተኛዋ ጥያቄ ተወለደች። ሦስተኛዋም መንገድ ላይ ነበረች። ወጡ ረግቶ ነው የበላነው።