ግላስ የለበሰው ሞተር

እኛ የአዊ ሰዎች ሞተር ሳይክል ገዛን እንጂ ከፈረስ አልወረድንም! የምትቆጡ ተቆጡ፤ ማስረጃው እኔው ነኝ።

ባለፈው እሑድ ጓደኛዬ ሞላ ሚስቱ እንድትሆን ያሰባትን ልጅ እንድጠይቅለት ሽማግሌ አድርጎ ወደ ጥሊሊ ላከኝ። የልጅቱ አባት ቁርጥ ያለ ቃል ልከዋል፦ «ሦስት ሰዓት ላይ ይምጡ፤ አራት ሰዓት የሌላ ሰው ሽማግሎች ይመጣሉ።» አብረውኝ የሚሸመግሉት ሁለት ጓደኞቼ እዚያው ጥሊሊ ናቸው፤ ተናጋሪው ግን እኔ ነኝ። እኔ ቀረሁ ማለት ሞላ ቆሞ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ለትዳር ጥያቄ በባዶ ሞተር ይኬዳል? አይኬድም! የአባቴን ፈረስ ግላስ፣ ያንን ባለ ጥልፍ የክብር ልብስ፣ መቀመጫው ላይ ደረብኩበት። ማሰሪያውን ከመቀመጫው ሥር አሳልፌ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ከእንጅባራ ስወጣ ያላየኝ ሰው የለም... እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ!

ዘንገና አጠገብ ስደርስ፣ ድርግም!

እንደ እኔ ስንት ዓመት ዜና የሠራ ጋዜጠኛ አይደነግጥም፤ ያጣራል። ቁልፉን አዞርኩ፤ መብራት የለም። ክላክሱን ተጫንኩ፤ ዝም። ፍሬቻውን ሞከርኩ፤ እሱም ዝም። እንግዲያው ችግሩ ነዳጅ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ከምንጩ ተቋርጧል። ፊውዙን አውጥቼ ወደ ፀሐይ ይዤ አየሁት፤ ደህና ነው። በእግሬ እየረገጥኩ ላስነሣው ብል... ላብ ብቻ! ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሆነ።

በዚህ መሃል አንድ አዛውንት ገበሬ በፈረስ መጡ። ግላሱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ወረዱ።

«ምን ሆነብህ ልጄ?»

«ቀጥ አለብኝ፣ አያ።»

«ቀለብ ሰጥተኸዋል?»

«ሙሉ ነው።»

«ኮርቻውንስ አንሥተህ አይተሃል?»

«አያ፣ ይኼ እኮ ሞተር ነው!»

«ግላስ ስታለብሰው ሞተር መሆኑን ረሳኸው? ፈረስ መንገድ ላይ ቀጥ ሲል ኮርቻው ሥር ቁስል አለ። አንሣው!»

እያፈርኩ መቀመጫውን አነሣሁት። ባትሪው ያለው እዚያው ሥር ነው፤ ያ ጥርቅም ያደረግኩት ማሰሪያ ገመዱን ከባትሪው ራስ መንግሎ አውጥቶታል! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ትጥቅ ግን አልፈታ ብሎ ሌላውን ፈታ።

ግላሱን ገፍፌ፣ ገመዱን መልሼ ብሎኑን አጠበቅኩ። ቁልፉን ሳዞር መብራቱ ቦግ!

«ጎሽ፣ ዳነ!» አሉ አዛውንቱ፣ የነዳጅ ታንኩን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ እያደረጉ። «ሁለተኛ እንዳታለብሰው።»

ግላሱን የት ላድርገው? ማጣጠፊያ ጊዜ የለም። ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው በረርኩ።

ስደርስ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ጓደኞቼ እንደ ወጉ ቆመዋል፤ አባትየው ደግሞ ፊታቸው እንደ ክረምት ጠቁሯል።

«ለምን ዘገየህ?»

ጎማ ፈነዳ ልበል? አልቻልኩም። ከግላሱ እስከ ባትሪው፣ አንድም ሳላስቀር ዘገብኩላቸው። እሳቸው ከእግሬ ግላሱ እስካለበት ትከሻዬ ድረስ አዩኝ።

«የሚዋሽ ሽማግሌ ጠግቤያለሁ፤» አሉ በመጨረሻ። «ይኼኛው ውርደቱን ሳይቀር ተናገረ። ልጄን ሰጥቻችኋለሁ።»

እፎይ ብለን ጉልበታቸውን ልንስም ስናጎነብስ፣ ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ይኼን ፈረሳችሁን ግን ደጅ እሰሩልኝ!»