የ«ግልባጭ» ዘፈን ሰባት ደራሲዎች

ለመሆኑ «የዛሬ ዘፈን ታላቅ የግጥም ደራሲ የለውም» እያልህ የምታወራው አንተ ነህ? ባሕር ዳር ላይ በአንድ ቀን ሰባት መወለዳቸውን ስላልሰማህ ነው።

የሺመቤት ሰምታለች። ስምንት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል የቆመች ሠራተኛ ናት። ለአብዮቱ አሥረኛ በዓል ግጥሙ የተመረጠለት ሠራተኛ በደራሲነት ወደ ፋብሪካው ኪነት ቡድን ይዛወራል የሚል ማስታወቂያ ብታይ ጊዜ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

ከቁንዝላ ማዶ ልቤን አሻግሬ፣
ታንኳው ተመለሰ ባዶውን ዛሬ።

ግጥሙ ለገምጋሚ ኮሚቴው ቀረበ። ኮሚቴው ከሰባት አባላቱ መካከል አንድም ገጣሚ ስለሌለበት ከአድልዎ ፍጹም የጸዳ ነበር።

«ጓዲት የሺመቤት፣» አሉ ሊቀመንበሩ ጓድ አንዳርጋቸው፣ «ልብሽ ጣናን ተሻግሮ ቁንዝላ ምን ይሠራል?»

«ያፈቅራላ!»

«በማን ፈቃድ? ደግሞስ ባዶ ታንኳ የትራንስፖርት ብክነት አይደለም?»

ከሦስት ስብሰባ በኋላ «ልቤን» በአምስት ድምፅ ለሁለት ወደ «ምርት» ተሻሻለ። «ባዶውን» ደግሞ በሙሉ ድምፅ «ሙሉውን» ሆነ። ግጥሙ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ከነቁጥሩና ከነግልባጩ በታይፕ ተመታ፤ ማኅተምም አረፈበት።

በበዓሉ ቀን ሕዝቡ ጣና ዳር ተሰበሰበ። ግጥሙን እንዲዘፍን የተጠራው አዝማሪ፣ አገኘሁ የሚባለው፣ ፊደል አልቆጠረምና፣ በአዝማሪ ደንብ ጓድ አንዳርጋቸው ከጎኑ ቆመው ስንኙን ሊሰጡት፣ እሱም በመሰንቆ ሊቀበላቸው ሆነ። ጓድ አንዳርጋቸው ደግሞ ማኅተም ካረፈበት ወረቀት አንዲት ቃል ዘለው አያውቁም።

«ተቀበል! ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሦስት!»

አገኘሁ ተቀበለ። ቀጥሎ ምርቱ ተሻገረ፤ ታንኳውም ሞልቶ ተመለሰ። ያጨበጨበ የለም።

«ግልባጭ ለጠቅላላ አገልግሎት! ግልባጭ ለንብረት ክፍል!»

«ኧረ ግልባጭ፣ ግልባጭ ለንብረት ክፍል!» ብሎ አገኘሁ ሲያንቆረቁረው ሰው ሁሉ እስክስታ ወረደ። እልልታው ወፎቹን ከሐይቁ ዳር ደንገል አስነሣ።

ጓድ አንዳርጋቸው ከመድረክ ሲወርዱ አዝማሪውን በክንዱ ያዙት። «አንተ፣ ምን አደረግኸኝ?»

«ምን አደረግሁ ጌታዬ? የሰጡኝን ተቀበልሁ።»

በሳምንቱ ከግሽ አባይ እስከ ደልጊ «ግልባጭ»ን የማይዘፍን ጠፋ። ከበላይ አካልም ደብዳቤ መጣ፦ የዚህ ታላቅ ግጥም ደራሲ በአስቸኳይ ይገለጽ። በአዝማሪው ላይ ክስ ሊያረቅቅ የተቀመጠው ኮሚቴ አጀንዳውን ለወጠ። ሰባቱም «ደራሲው እኔ ነኝ» ብለው እጃቸውን አወጡ። ሰባት ዲፕሎማ ተዘጋጀ። የሺመቤት «ገና መብሰል ስለሚቀራት» በሽመና ክፍሏ እንድትቆይ ተወሰነ።

በሽልማቱ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሺመቤት ከኋላ ተነሣች።

«ጥያቄ አለኝ።»

«በጽሑፍ ይቅረብ፣» አሉ ጓድ አንዳርጋቸው።

«በጽሑፍማ አቅርቤ አየሁት! ሰባታችሁ ደራሲ ከሆናችሁ እዚሁ ሰው ፊት ቁሙና ሁለት ስንኝ ግጠሙ። ከእርስዎ እንጀምር፣ ጓድ ሊቀመንበር። ምነው ወረቀት ይፈልጋሉ? ሕዝቡ እየጠበቀ ነው፤ ይመልሱ!»