የቅበላ ማግስት እንቁላል

እርስ በርሱ ዋስ ሆኖ የተበደረ ቡድን ሁሉ አንድ ወንድምአገኝ አያጣም። አራቱ ገንዘቡን ተቀብለው እንቅልፍ ያጣሉ፤ እሱ ግን ገና ሳይቀበለው በሐሳቡ አውጥቶታል።

የቁስቋም ሰፈር ቡድን ሊቀ ተበዳሪ፣ ክቡር አያ ወንድምአገኝ፣ ጃንጥላ የሚያከማቹት መስከረም ሲጠባ ነው። ከተራራማው ድብ ባሕር ድንች የሚያስጭኑት ፍሬን በሌለው ማኪና ነው። "ምነው አያ፣ ትንሽ አይፈሩም?" ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ምን ይመጣል?"

የሚመጣው ዙህራ ላይ ነው። ዙህራ ከቡድኑ አንዷ ናት፤ መንገድ ዳር በርበሬ ትሸጣለች። በመጪው ብድር በር ያለው ሱቅ ልትከራይ ቆርጣለች፤ ግን አንዱ ካልከፈለ አምስቱም ዳግመኛ አይበደሩም።

የመክፈያው ቀን ሲቃረብ ክቡርነታቸው ከኮሶዬ እንቁላል በባጃጅ ሞልተው መጡ። በቅበላ ማግስት፣ ዓቢይ ጾም በገባበት ቀን!

"እንዲህ ረክሶ አይቼ አላውቅም!" አሉ በኩራት።

"ማን ሊበላው? አንቱ ይበሉታል?" አለች ዙህራ።

"ምን ነካሽ እታለም? ጾም አይደለም እንዴ!" አሉ ተቆጥተው። ነገሩ የገባቸው ይህን ጊዜ ነው።

ዙህራ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና "ይሸከሙ" አለች። እሷ ከፊት፣ እሳቸው ቅርጫት ይዘው ከኋላ፣ ሙስሊሞች ወደሚበዙበት ወደ አዲስ ዓለም ወረዱ። ያላንኳኩት ምግብ ቤት የለም።

"ሸጋ እንቁላል ነው!" ይላሉ አያ ወንድምአገኝ እየተወናጨፉ።

"ዝም ብለው ይሸከሙ!"

"ምን ይመጣል?"

"ይሰበራላ!"

የምግብ ቤቱ ባለቤት ኢልያስ ሳቁ አመለጠው። "ዙህራ፣ እኒህን ሰውዬ ከየት አመጣሻቸው?"

"ዋሴ ናቸው" አለች ኮስተር ብላ።

እንቁላሉ አለቀ፤ ዕዳውም በቀኑ ተከፈለ። ለአዲሱ ብድር በቀበሌው አዳራሽ ሲሰበሰቡ የአበዳሪው ድርጅት ሠራተኛ "ለአቶ ወንድምአገኝ ዋስ የሚሆነው ማን ነው?" አለ። ሦስቱ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ዙህራ ያን ጣሪያ ታውቀዋለች። ባሏ በሞተ ሰሞን፣ ሱቅ የላት፣ ዘመድ የላት፣ እዚሁ ቆማ "ለዚች ሴት ዋስ የሚሆነው ማን ነው?" ሲባል ሰው ሁሉ አንጋጦ አይቶት ነበር። ያኔ ከኋላ አንድ የማታውቀው ሰው "ምን ይመጣል?" ብሎ ፈረመላት።

እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች። ከፈረመች በኋላ ነው፣ "ለመሆኑ አያ፣ አሁን ደግሞ ምን ሊገዙ ነው?" ብላ የጠየቀችው።