ሊቀ ብሎናት

በየቤቱ አንድ «ሁለት ብሎን ናት!» የሚል ሰው አይጠፋም። ጣሪያ ቢያፈስ፣ በር ቢወልቅ፣ ግድግዳ ቢዘም፣ ለእሱ ዓለም በሞላ በሁለት ብሎን የምትቆም ናት። ባለሙያ እንጥራ ብትሉት እናቱን የሰደባችሁበት ያህል ይቆጥረዋል። እኔ ደግሞ እድሌ ሆኖ፣ የእነዚህን ሰዎች ሁሉ አለቃ፣ ክቡር ሊቀ ብሎናትን አግብቼ አርባ አንድ ዓመት ኖርኩ።

እኔ ትምህርት ቤት የዘለቅኩት ሦስት ዓመት ነው። መምህሩ እጄን በማስመሪያ እየደጋገሙ ሲያቃጥሉት ጥዬ ወጣሁ። እና ነገሬ ቢዘባረቅ አትፍረዱብኝ፤ ትዝ እንዳለኝ ነው የምጽፈው።

ሊቀ ብሎናት ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ መነጽራቸው ይጠፋል። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው። ቀጥሎ ካቻቢቴው ይጠፋል። «ማነው ዕቃዬን የነካው?» ብለው ይጮኻሉ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ድመቷ ነን፤ ድመት ካቻቢቴ ምን ይሠራላታል? ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋል።

«ይሄስ?» እላለሁ።

«መጠባበቂያ ነው።»

የመጠባበቂያው ቆርቆሮ ዛሬ ለሁለት ሰው ሸክም ነው።

ደግሞም የሚሠሩት ነገር ሁሉ ዞሮ ነው የሚቆመው። የቁም ሳጥናችን በር ከሰው ቁም ሳጥን በተቃራኒ ይከፈታል። የኩሽናውን ቧንቧ እከፍታለሁ ያለ እንግዳ ክርኑን ከግድግዳው ያጋጫል። አንድ ጊዜ እህቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ መዝጊያው አልከፈት ቢላት፣ «ይሄ ቤት መስታወት ውስጥ ነው እንዴ የተሠራው?» ብላ ጮኸች። ሊቀ ብሎናት ግን አይደነግጡም። «ውሃ ልክ አይቼ ነው የሠራሁት» ይላሉ። እኔም እንግዳ ፊት «የኛ ሰው ብሎን እንጂ ቀኝና ግራ አያውቅም» እያልኩ አስቅባቸው ነበር።

ወደ ጀልባዋ ልግባ። አንዲት ትንሽ ጀልባ አለችን፤ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢዋ ላይ ሆና ግቢያችን ታድራለች። የሐይቁ ዳር ጭቃ ስለሆነ የምንወጣባት ገና ተሳቢው ላይ እያለች ነው፣ የጎማውን ሽፋን ረግጠን። ድሮ እንደ ፍየል እዘልባት ነበር። አምና ሽፋኑ አዳለጠኝና ወደቅኩ፤ ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ ጉልበት አጣ። እኔም በንዴት «ሁለተኛ እዚህች ላይ እግሬን አላነሣም!» አልኩ።

አፌ እንጂ ልቤ አላለም። ማለዳ ውሃው ላይ ፀጥ ብዬ የምቀመጥባት ያቺ የፊት መቀመጫ በሕልሜ ትመጣብኝ ነበር። ልጃችን ግን አፌን አመነች። «ካልሄዳችሁባት ትሸጥ» አለች። ጎረቤታችን በያጁ ለቅዳሜ ሊወስዳት ተስማማ። እኔም ኮርቼ «አትሸጥም» ማለት አቃተኝ።

ሐሙስ ጠዋት የብረት ቱቦና ሰፊ ላሜራ ተሸክመው መጡ።

«ደግሞ ምንድነው?»

«መርገጫና መያዣ። ተሳቢው ላይ የሚገጠም።»

«ለሚሸጥ ጀልባ?»

«ሁለት ብሎን ናት።»

እኔን አምና የጣለኝን ተሳቢ፣ ዘንድሮ ለሰው ያሰማምሩለታል! ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበርና እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ሁለት የተባሉት ብሎኖች አሥራ አንድ ሆኑ። መጀመሪያ መርገጫዋን ገጥመው ቢረግጧት ዞረች፤ ሊቀ ብሎናትም አብረዋት ዞሩ። ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና እንዳትዞር ከብሎኑ ሥር ሮንዴላ ጨመሩ። በመሀል ጠሩኝ።

«እስቲ በርጩማው ላይ ውጪና አምፖሉን አውርጂልኝ።»

«አምፖሉ ምን ሆነ?»

«ቆሽሿል።»

እግሬን ሳነሣ እሳቸው ገመድ ይዘው እጉልበቴ ሥር ጎንበስ ብለዋል።

«ምን ትሠራለህ እዚያ?»

«መነጽሬ ወድቆ ነው።»

መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው።

ቅዳሜ በያጁ መጣ። ተሳቢውን ዞሮ አየና ሳቁ አመለጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ መርገጫ ለዶሮ ነው? ከመሬት ስንዝር ቢርቅ ነው እኮ!»

«ለሰው ነው።»

«መያዣውስ? ሰው በቀኙ አይደል የሚይዘው? በግራ ተከሉት! ግራ ገባዎት እንዴ? ይተዉት፣ እኔ ነቅዬ አስተካክለዋለሁ።»

እኔ እንደ ልማዴ ላሾፍ፣ «እስቲ ልየው ጉዱን» ብዬ ቀረብኩ። እግሬን አነሣሁ። መርገጫዋ ጉልበቴ እሺ የሚላት ቦታ ላይ ጠበቀችኝ። ቀጥሎ ያ ጉደኛ የጎማ ሽፋን፤ እንዳያዳልጥ አሮጌ ጎማ ተለጥፎበታል። መያዣውን እጄ ሳላዘው ሄዶ ጨበጠው።

ግራ እጄ። ያ መምህሩ «በቀኝ ጻፊ!» እያሉ በማስመሪያ ያቃጠሉት እጅ።

«እትዬ፣ ቀስ!» ሲል በያጁ፣ እኔ ጀልባዋ ውስጥ ቆሜያለሁ። ከዚያ ከፍታ የኩሽናው መስኮት ይታያል። ቧንቧውን አየሁት። የቁም ሳጥኑ በር፣ የመታጠቢያ ቤቱ መዝጊያ ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ እንግዳ የሚጋጭበት ቤት፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ ክርኔን ነክቶኝ አያውቅም።

«እሳቸው» እያልኩ ማሾፌን እዚህ ላይ ልተው። ቁልቁል አየሁት። አጎንብሶ የተረፈውን ብሎን ይለቅማል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ?»

«ምኑን?» አለኝ።

በያጁ የተሳቢውን መጎተቻ ያዘ። «በሉ እንግዲህ፣ ልውሰዳት?»

«አትሆንህም» አለው የኔ ሰው። «መያዣዋ በግራ ነው።»

እኔ ያቺን የፊት መቀመጫ በመዳፌ ጠርጌ ተቀመጥኩባት። «ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ውጣ እንጂ!» አልኩት። ወጣ። መያዣውን በቀኙ ሊይዝ ሲል ክርኑ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ፊቱን እንኳ አላጨማደደም፤ በመዳፉ አሸት፣ አሸት አደረገና አጠገቤ ተቀመጠ።

ለካ በዚያ ቤት አርባ አንድ ዓመት ሲጋጭ የኖረው እሱ ነው፣ ድምፁን ሳያሰማ።