ኩርፊያ ለሁለት ሰው

«እኔና ባለቤቴ ተጣልተን አናውቅም» የሚል ሰው ካጋጠመህ ከሁለት አንዱ ነው ብለህ ደምድም። ወይ ይዋሻል፣ ወይ ከሚስቱ ጋር አይነጋገርም! ሦስተኛ የለውም። በተለይ እነዚያ በየፌስቡኩ «የኔ ንግሥት፣ የሕይወቴ ብርሃን፣ እንኳን ለሰባተኛ ዓመታችን አደረሰን» እያሉ ኬክ ፊት ተቃቅፈው የሚለጥፉት... ተዋቸው እባክህ! አንዱ እዚሁ ሆሳዕና ጎረቤቴ ነው። ያንን በለጠፈ ማግስት ንግሥቲቱ ጫማውን በአጥር ላይ ወርውራው እኔ ግቢ ወደቀ። አንሥቼ የመለስኩለት እኔ ነኝ። አንዱን እግር ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ሌላው እስካሁን የት እንደገባ አይታወቅም።

እኔ አልዋሽህም። እንጣላለን። ስንጣላ ግን የራሴ ሥርዓት ነበረኝ። አልጮህም፣ አልሳደብም፣ እጄን አላነሣም። ጃኬቴን አነሣለሁ፣ በሩን ድርግም አደርጋለሁ፣ ስልኬን አጠፋለሁ፣ እሄዳለሁ። እኔ ሳኮርፍ ስልኬም አብሮኝ ያኮርፋል! ማረፊያዬ ማርቆስ የሚባል ላጤ ጓደኛዬ ቤት ነው። እሱ ምን ሆንክ ብሎ አይጠይቅም፤ ፈቀቅ ይልልኝና ኳስ እናያለን። ይህንን እኔ «ትዕግሥት» እለው ነበር። «እኔ ሲከፋኝ ዝም ብዬ ወጣ ነው የምለው» እያልኩ ቢሮ ውስጥ ለወጣቶች እመክርበት ነበር። እኔን ብሎ መካሪ!

የመጨረሻው ጠብ የተነሣው በቡላ ነው። ባለቤቴ መሠለች የከምባታ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ሀደሮ አጠገብ ገጠር ነው የሚኖሩት። እኔ ደግሞ የጃጁራ ሀዲያ ነኝ። የሀዲያ ሰው ለመስቀል አታካና የሚባለው የቡላ ምግብ ካልቀረበለት ዓመቱ አልተለወጠለትም። ቡላው በቅቤና በወተት ታሽቶ በእሳት ሲበስል... ተወው፣ ምራቄን አታስውጠኝ። እናቷ ይህንን ስለሚያውቁ «ለልጄ ባል» ብለው፣ ወተት የመሰለ ነጭ ቡላ በኮባ ጠቅልለው ላኩ። ለእኔ ብለው! ይህቺን ነገር ያዝልኝ።

በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ አለቃ ለጉብኝት መጥተው ነበር። የሚሄዱ ቀን እጄ ባዶ ሆነብኝ። ሰው ሁሉ ማርና ቅቤ ሲያስጭን እኔ ምን ልስጥ? ዓይኔን በጨው አጥቤ ቤት ሄድኩና ያንን ጥቅል አንሥቼ መኪናቸው ውስጥ አስገባሁ። «የአካባቢያችን በረከት ነው ጌታዬ!» አልኩ፣ ጎንበስ ብዬ። አለቃው አሸተቱት። «ለፀጉር ነው ወይስ ይበላል?» አሉኝ። ኋላ ሾፌራቸው እንደነገረኝ ቡላው ወንበር ሥር ተረስቶ፣ ሽታው ሲበረታ ሁለት ጊዜ መኪናውን አሳጥበዋል።

ማታ መሠለች ጓዳ ገባችና ወጣች።

«ቡላው የታለ?»

«እንግዳ ሸኘሁበት።»

«የእናቴን ቡላ?»

«ምን ታካብጃለሽ? ዱቄት እኮ ነው!»

አየህ፣ «ሸኘሁበት» ባልኩበት ማቆም ነበረብኝ። «ዱቄት» ማለት ምን አመጣው! ከዚያ በኋላ የተባለውን አልዘረዝርልህም፤ ጎረቤት ስለሰማው እሱን ጠይቀው። እኔም እንደ ሥርዓቴ ጃኬት፣ በር፣ ስልክ... ማርቆስ ቤት። ሁለት ቀን ተኩል ኳስ አየሁ።

በሦስተኛው ቀን ልቤ ረግቶ ስመለስ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉን የሰጠኝ ባለ አንድ እግር ጫማው ጎረቤቴ ነው። «ዱቄት ላመጣ ሄጃለሁ በለው ብላለች» አለኝ፣ ፈገግታውን መደበቅ አቅቶት። ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም።» ደግሜ ደወልኩ። ያው። የጠፋ ስልክ ላይ መደወል ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከሀደሮም ቃል መጣ፦ «ሽማግሌ ይዞ ይምጣ፤ ካልሆነ መስቀልን እዚሁ ትውላለች፤ ከዚያም በኋላ ይታሰብበታል።» ይታሰብበታል የሚለውን ሰማህልኝ? መስቀል ስምንት ቀን ቀርቶታል። በባዶ ቤት፣ ያለ ሚስት፣ ያለ አታካና! ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ አምስት ዓመት የኖርንበት ቤት ያስተጋባብኝ ጀመር።

ሽማግሌ ማንን ልያዝ? በየአዳራሹ «የደስተኛ ትዳር ቁልፎች» እያለ የሚያሠለጥን አንድ የማውቀው ሰው ትዝ አለኝ። እሱ ግን ሁለት ጊዜ ፈቷል፤ ቁልፎቹን የት እንደጣላቸው እንጃ። በመጨረሻ አባቴን አሰብኩ። አባቴ አቶ ላምቤቦና እናቴ ወይዘሮ አማረች አርባ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። በሰፈራችን ሙሽራ ሲመረቅ «እንደ ላምቤቦና እንደ አማረች ያድርጋችሁ!» ይባላል። ደወልኩለት።

«እመጣለሁ» አለ አባቴ፣ «እናትህ ከመጣች።»

«አባዬ፣ ሽማግሌ እኮ ወንድ ነው!»

«እሷ ከሌለች የምናገረውን ማን ያስታውሰኛል?»

በዚህ ዓይነት ከሴት ጋር ሽምግልና የሄድኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሁለቱም መጡ። ገና ሆሳዕና መናኸሪያ ከመውረዳቸው ጃንጥላ ማን ረሳ በሚለው ተያይዘዋል። መሐላቸው ተቀምጬ በዱራሜ አድርገን ሀደሮ እስክንደርስ ግራ ጆሮዬ ለእናቴ፣ ቀኝ ጆሮዬ ለአባቴ ተከራየ። ከፊት የተቀመጡ ሰዎች እየዞሩ ያዩናል። እኔማ አፈርኩ! የሰፈሩ ምርቃት እነዚህ ናቸው? እነዚህን ይዤ ነው ሚስቴን የማስመልሰው? ዝናቡን አላወራልህም፤ ጃንጥላው ያስፈልግ እንደነበር ብቻ እወቅልኝ።

ቤታቸው ስንደርስ የመሠለች አባት አቶ ሄራሞ በጸሎት ከፈቱ። እነሱ ከምባትኛ፣ እኛ ሀዲይኛ ተናጋሪ ስለሆንን ሽምግልናው በአማርኛ ነው። መሠለች ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገና ጀመረ። ምን ልበልህ፣ አማረበት! «ልጃችን አጥፍቷል። የሰው ልጅ ያጠፋል። ትልቅ ሰው ይቅር ይላል» እያለ ቃሉን ሲያወርደው እኔ ራሴ ለራሴ ይቅርታ ላደርግ ምንም አልቀረኝ።

አቶ ሄራሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ቡላው አይደለም የቆጨን» አሉ። «ሳይጠይቃት መስጠቱ ነው። እንሰት የሴት ነው። ወንድ በእንሰት ምን አገባው?»

«እውነት ነው!» አለች እናቴ። እኔን ለማዳን የመጣችው እናቴ! «ከማን ይማር ታዲያ? ዘር ከልጓም ይስባል! የተስፋዬ አባትም እንዲሁ አድርጎኛል።» ተስፋዬ እኔ ነኝ፤ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ማን እያለች ትጠራው እንደነበር እግዜር ይወቅ።

«አሁን ይሄ እዚህ ምን አመጣው?» አለ አባቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ልወለድ በተቃረብኩበት ዓመት አባቴ ለቅሶ ለደረሰበት ጎረቤት እንሰት ቆርጦ ሰጠ። እናቴ ስድስት ዓመት ስትንከባከብ የኖረችውን እንሰት፣ ሳይነግራት! ይህንን ሁለቱም ያምናሉ። የማይስማሙት በቁጥሩ ነው።

«ሁለት እንሰት!» አለች እናቴ፣ ለአቶ ሄራሞ ሁለት ጣቷን እያሳየች።

«አንድ ነው!»

«ሁለት ነው!»

«አንዱን እኮ ነፋስ ነው የጣለው!»

«ነፋሱ መጥረቢያ ይዞ ነበር?»

ከዚህ በኋላ አማርኛ አልበቃቸውም። በሀዲይኛ ገቡበት። አቶ ሄራሞ ግራ ተጋብተው አንዴ አባቴን፣ አንዴ እናቴን ካዩ በኋላ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምን እያሉ ነው?» መሠለች ሀዲይኛ ከእናቴ ተምራለች። ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር «አባባ፣ አሁንም ነፋሱ ላይ ናቸው» አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቀች ነው።

በዚህ መሐል አባቴ ብድግ አለ። «በቃ! አርባ አንድ ዓመት ቻልኩ! ከዛሬ በኋላ ከዚህች ሴት ጋር አንድ ቤት አልገባም!» ብሎ ወደ በሩ ተራመደ። ደፉ ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ተነሺ እንጂ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ!»

«ካንተ ጋር ማን ይሄዳል!» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን አጣፍታ እየተነሣች። የረሳውን ዱላ ከግድግዳው አንሥታ ተከተለችው። እኛም ጉዱን ለማየት ግልብጥ ብለን ወጣን። የበሩን ቦይ ዝናቡ ሞልቶታል። አባቴ ተሻገረና ቆመ። ፊቱን አላዞረም። አኩርፏላ! እጁን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋ። እናቴ ያዘችውና ዘለለች። ዱላውን ሰጠችው። «ሁለት ነው» አለችው። «አንድ ነው» አላት። ሄዱ።

ይታይህ! ሽማግሌዎቼ ጥለውኝ ሄዱ። በአማቶቼ ግቢ መሐል ብቻዬን ቀረሁ። አቶ ሄራሞ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሽማግሌዎችህ እነዚህ ናቸው?» አሉኝ።

«አባታችን፣ ይቅርታ... አርጅተዋል... እኔም አፍሬያለሁ...» ስል መሠለች አቋረጠችኝ።

«በእነሱ ነው የምታፍረው? አባትህ ሲያኮርፍ እናትህን ይዞ ነው የሚያኮርፈው። አንተ ግን እኔን ጥለህ ነው። ቡላው ገደል ይግባ! እኔ በቡላ ከቤቴ አልወጣሁም። ስልክህ ሲጠፋ የሞትክ ነበር የመሰለኝ። ሆስፒታል ድረስ ሄጄ የገባ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ፣ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። እሷ ሆስፒታል በር ላይ ቆማ ስሜን ስትጠይቅ እኔ የማርቆስ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ዳኛውን እየሰደብኩ ነበር። «አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ሁለተኛ ስልኬን አላጠፋም።»

«ማኩረፉንስ?»

«እሱን እንኳ... እንጃ። አላኮርፍም ብል እዋሻለሁ።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ስታኮርፍ ይዘኸኝ አኩርፍ!»

«ተፈረደ!» አሉ አቶ ሄራሞ። እናቷ ጓዳ ገብተው ሌላ ጥቅል ቡላ ይዘው ወጡና በእኔ ፊት አሳልፈው ለመሠለች ሰጧት። «በእጁ እንዳታስነኪው» አሏት፤ ቃል በቃል።

መኪና መጠበቂያው ጋ ስንደርስ አባቴና እናቴ አንድ ድንጋይ ላይ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። አንድ እሸት በቆሎ ለሁለት ሰብረው ይበላሉ። አባቴ መሠለችን ከእኔ ጋር ሲያያት ደረቱን ነፋ። «አላልኩሽም?» አላት እናቴን። «ሽምግልና እናውቅበታለን!» ይኸው እስከ ዛሬ ሰፈር ውስጥ ያስታረቅናቸው እኛ ነን እያሉ ያወራሉ። ይባስ ብሎ ሌሎች ባልና ሚስቶችም ይጠሯቸው ጀምረዋል አሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

መስቀልን አታካናዬን በልቼ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ አኩርፌያለሁ። የመጨረሻው ባለፈው ሳምንት ነው፤ በምን እንደሆነ አልነግርህም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጃኬቴን አነሣሁ። እሷም ጃኬቷን አነሣች። አንድ ባጃጅ ላይ ወጥተን እኔ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ ዞረን ተቀመጥን። ማርቆስ በሩን ከፍቶ ሁለታችንንም ሲያይ ክው አለ።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«አኩርፈን ነው» አለች መሠለች። ገባች። ሶፋው ላይ ተቀምጣም «ሻይ የለህም እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

እኔም በሶፋው ሌላ ጫፍ ተቀመጥኩ። አመል ሆኖብኝ ስልኬን ለማጥፋት አወጣሁት። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። ማን እንዳይደውልልኝ ነው? የምትደውልልኝ እንደሆነች አጠገቤ አኩርፋ ተቀምጣለች።