የኦቦ ዋቅወያ ቀረጥ

በወለጋ ከተሞች ሁሉ፣ መኪና በገዛ ማግስት መንገዱንም አብሮ የገዛ የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። የነቀምቴው ኦቦ ዋቅወያ ነበሩ። ከአንድ ቡና ነጋዴ አሮጌ ላንድሮቨር ገዝተው የሽያጩን ቀረጥ ለመንግሥት ከከፈሉበት ቀን ወዲህ ክቡርነታቸው ሌላ ወሬ የላቸውም። «የመኪና ቀረጥ ለመንገድ ብቻ» ይላሉ፤ በሠርግም፣ በለቅሶም፤ የተሰበረውን የከተማውን ድልድይም ሳያነሡ አይቀሩም። ቄሱ ስለ ጽድቅ መንገድ ሲሰብኩ እንኳ ከኋላ ወንበር ተነሥተው የወጪውን ምንጭ ጠይቀዋል። ጉድጓድ ሲያጋጥማቸው ከመኪናው ወርደው፣ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ከተማው ይስቃል። ባለቤታቸው አዴ ድርቤ ግን መሳቅ ካቆሙ ቆይተዋል። ውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ፖሊስ የመጣ ይመስላቸዋል።

«አባ ደራርቱ» ይሏቸዋል በልጃቸው ስም፣ «ስለ ቀረጥ የሚጠይቅ ሰው ራሱም ይጠየቃል እኮ።»

«እኔ አልከፍልም አላልኩም። ከፍያለሁ ነው የምለው።»

አዴ ድርቤ የፈሩት በሐምሌ ደረሰ። ባልና ሚስቱ ከገበያ ሲመለሱ መኪናቸው ከከተማው በታች ባለው ቁልቁለት ጭቃ ያዘው። ከኋላ የአውራጃው ገዥ መኪና መጣ፤ ሾፌሩ ጭቃውን በሩጫ ሊያልፈው ነዳጁን ረግጧል። ኦቦ ዋቅወያ ከዳር ቆመው እጃቸውን አነሡና «በሕግ አምላክ» አሉ።

ይህን የሰማ ሰው ይቆማል፤ ገዥም ቢሆን። መኪናው ቆመ፤ እንደቆመም እስከ መንኰራኩሩ እኩሌታ ሰመጠ።

ገዥው ሲወርዱ አንድ ጫማቸው እዚያው ቀረ። ጠመንጃ የያዘ ፖሊስ ተከተላቸው። ምን በደል ደርሶብህ ነው ብለው ጠየቁ።

ስንት ዓመት ሙሉ ሲያወሩ የኖሩት ኦቦ ዋቅወያ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። «ጎፍታ፣ ጌታዬ፣ ቀረጡ... የመኪናው ቀረጥ...» አሉና ምላሳቸው ታሰረ።

አዴ ድርቤ ወደ ፊት ወጡ። ነገሩ ገና አልተባለም፤ አሞት ነው ይማሩት ቢሉ ባላቸውን ይዘው ቤታቸው ይገባሉ። ይህንኑ ሊሉ አጎንብሰው ቀና ሲሉ የባላቸውን ፊት አዩ። እንደዚያ ትንሽ ሆኖ አይተውት አያውቁም።

«ጌታዬ፣» አሉ፣ «መኪና ሲሸጥ የሚቀረጠው ገንዘብ ከሌላው ጋር አይቀላቀል ነው የሚሉት። ለብቻው ይቀመጥ፣ በእሱ መንገድ ይሠራበት፣ የቀረው ስንት እንደሆነም ለሕዝብ ይነገር። ይህ መንገድ ደግሞ ይኸው፣ ቆመውበታል።»

ፖሊሱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ገዥው በአንድ እግራቸው ቆመው የመኪናውን በር እንደያዙ ጭቃውን አዩ፣ ፖሊሱን አዩ።

«ቀጥዪ» አሉ።

አዴ ድርቤ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«የድልድዩን ነገር እርስዎ ይንገሯቸው፣ አባ ደራርቱ። እሱ በእርስዎ አፍ ነው የሚያምረው።»