ሁለተኛዋ ፓምፕ

ሰው በገዛ እጁ ሲበድል ቢያንስ እጁ ይታዘበዋል። የዘንድሮው በደል ግን ራሱን በራሱ ያበራል፣ ራሱን በራሱ ያጠፋል፤ እናንተ ተኝታችሁ ታድራላችሁ፣ እሱ ሲሠራ ያነጋል። ይኼን የማወራው ከሰው ሰምቼ እንዳይመስላችሁ።

ፀዳ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ውሃ መቼ እንደምትመጣ ማንም አይነግረንም፤ ስትመጣ እንሰማታለን እንጂ። እኔ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝና ጆሮዬን አቁሜ መጠበቅ ሰለቸኝ። የሠፈሩ የውሃ መስመር ላይ ግፊት የሚለካ፣ ታንከሬ ውስጥ ደግሞ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ገጠምኩና ከመስመሩ ውሃ የሚስቡ ሁለት ፓምፖች አገናኘሁባቸው። ውሃ ስትመጣ አንደኛዋ ፓምፕ ትነሳለች። ግፊቱ ቀነስ ሲል ሁለተኛዋ፣ ትንሽ ጩኸታም ናት፣ ትደርስላታለች። ታንከሩ ሲሞላ ሁለቱም ዝም። ቤቴ የመጣውን ሁሉ እያስጎበኘሁ «ሰው አይነካውም እኮ» ስል፣ እነሱም «ሸጋ ነው» ሲሉኝ፣ ስኮፈስ ከረምኩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና፣ ግፊቱ ለምን እንደሚቀንስ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅኩም።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ አያ ታከለ ታመው ቆይተው አረፉ። ቀበርናቸው፤ በሠልስቱም ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ለቅሶ ቤት ውሃ ሲያጣ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ከኮላ ድባ ድረስ የመጣ ዘመድ እጁን ሳይታጠብ እህል ሊቀርብለት ነው። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ይተያያሉ። እኔም ጎረቤት አይደለሁ፣ ጋቢዬን አስተካክዬ «መቼም የሚመለከተው አካል ይኼን ሊያየው ይገባል» አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይቺ ናት።

ይኼኔ አንዷ ሴት ቧንቧውን ከፈተችና «መጣች፣ መጣች» አለች። እንደ ክር የቀጠነች ውሃ መውረድ ጀመረች። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ያቺ ጩኸታሟ ፓምፕ ተነሳች። ክሯ ተበጠሰች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ግፊቱ ቀነሰ ማለት ጎረቤት ቧንቧ ከፈተ ማለት ነው። ሁለተኛዋ ፓምፕ ይኼን ሁሉ ጊዜ የምትነሳው እነሱ ውሃ በፈለጉ ቁጥር ኖሯል። አፈርኩ። ፊቴ እሳት ሆነብኝ፤ በጋቢዬ ተከናንቤ ስወጣ ሰዎች ሐዘን የጸናብኝ መስሏቸው መንገድ ለቀቁልኝ። ቤቴ ገብቼ ማጥፊያውን አወረድኩት። ተመልሼ ሁሉንም አውጥቼ ልናገር ወስኜ ነበር፤ እውነቴን ነው።

ስመለስ ቧንቧው ሳል ሳል አድርጎ ባልዲ እየሞላ ነው። የሟች ሚስት እትዬ ጥሩ ከባልዲው አጠገብ ቆመው ያለቅሳሉ።

«እትዬ፣ ይቺ ውሃ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱ ነው የላካት፣ ልጄ» አሉኝ። «በሕመሙ ጊዜ ‹ገላዬን እጠቡኝ፤ እስቲ ቧንቧዋን ክፈቷት፣ ትመጣ ይሆናል› እንዳለ ነበር የከረመ። ሳትመጣለት ሄደ። ይኸው እዚያ ሄዶ ለምኖ ላከልን።»

አጠገባቸው የነበሩት የነፍስ አባታቸው ተነሡና «ነፍሱን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ይቺን ውሃ ለዚህ ቤት አያቋርጥብን» አሉ።

ድንኳኑ በሙሉ «አሜን» አለ።

እኔም አልኩ፤ ከሁሉም ጮኽ ብዬ።